ሆሊስ ነጻ መግቢያውን የፈረመ ቀን

የሆሊስ ቴግን ነገር መናገር የሚያምርብኝ እኔ ነኝ፤ ሌላው አያውቅበትም። በቤንት ክሪክ ከተማ ወሬ ሁሉ የሚቀዳው ከእኔ ከቬልዳ ነው። ትምህርት እንደሆነ አራተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ሰነፍ ሆኜ ሳይሆን መምህሯ እኔን ዝም ማሰኘት ደክሟት ነው። ግን ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ፍሬን ሳታቃጥል ከዚያ ተራራ አናት ያወረደች ሴት በመላው ሞንታና ብትፈልጉ እኔን ነው የምታገኙት። ከወንዶችም አንድ ብቻ ነበር የሚያክለኝ። እሱም ባሌ ነበር፣ አሁን ሞቷል፣ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።

ወደ ሆሊስ ልመለስ።

ሆሊስ ከከተማችን በላይ ባለው የተራራ ፓርክ በቅሎ ጫኝ ነበር። መኪና በማይደርስበት ከፍታ ላይ መንገድ ለሚጠርጉት ሠራተኞች ዱቄቱን፣ ምስማሩን፣ መጋዙን፣ የምድጃውን ብረት ሳይቀር በበቅሎ የሚያደርስላቸው እሱ ነው። አንድ በጋ ላይ እዚያ ላይ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች እዚያው እንጋባለን አሉና የሠርግ ኬክ ይምጣልን ብለው ላኩ። ኬኩን የጋገርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ፎቅ። ሆሊስ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ብሪጅት የምትባል በቅሎ ላይ ጭኖ፣ ገደል ለገደል አሳልፎ አደረሰው። ክሬሙ እንኳን አልተላጠም። አንዱ ጎን ጎደል ብሎ ተገኝቷል፣ እሱ ብሪጅት ናት አለ፣ ብሪጅት ግን ጢም የላትም፣ የእሱ ጢም ላይ ነው ስኳሩን ያዩት። ያን ኬክ ዛሬም ድረስ የሚያወሩ አሉ። እኔ ለምሳሌ አወራዋለሁ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቅሎ ሰው አትከተልም። በቅሎ የምትከተለው ባዝራ ፈረስ ነው። ባዝራዋ አንገት ላይ ቃጭል ይታሰራል፤ ማታ ለግጦሽ ሲለቀቁ በቅሎዎቹ ያንን ቃጭል እየሰሙ እሷው አጠገብ ያድራሉ። የሆሊስ ባዝራ ፔግ ትባላለች። ቃጭሉ ግን ከፔግም ከሆሊስም በፊት የነበረ ነው። ከጫኝ ወደ ጫኝ ይተላለፋል፤ ሆሊስ ከሽማግሌው ከሩበን ነው የተቀበለው። በእኛ አገር ቃጭሉ ያለው ሰው እሱ ነው ጫኙ። ደሞዝ የሚበላው ሌላ ቢሆን እንኳን።

ታዲያ አንድ ቀን አንዲት ለጋ በቅሎ ጠባብ መንገድ ላይ ደንብራ ከነጭነቷ ተገልብጣ እላዩ ላይ ወደቀች። ዳሌው ደቀቀ። ሐኪሞቹ በብረት ሰፉት፣ ሁለት ምርኩዝ ሰጡትና ቤቱ ሰደዱት። ሆሊስ ቤት ሲገባ ቃጭሉን ይዞ ገባ። ኮርቻውንም መግቢያው በር ሥር በእንጨት ላይ አስቀመጠ። «በረዶው ሲቀልጥ እነሳለሁ» አለ።

በረዶው ቀለጠ። አልተነሳም። እንደገና ጣለ፣ እንደገና ቀለጠ። ስለ ዳሌው ስትጠይቁት ስለ ዝናቡ ይመልስላችኋል፤ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው። ኮርቻው በሩ ላይ እንዳለ ነው። ሚስቱ ኒታ በወጣች በገባች ቁጥር ቅልጥሟን ትመታበታለች።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ፓርኩን አልረገጠም። ለምን ብትሉ፣ ድሮ በሠራተኞች በር ነበር የሚገባው። አሁን እንደማንኛውም ሰው በዋናው በር ከፍሎ መግባት ሊኖርበት ነው። «ወደ ገዛ ማድቤቴ ለመግባት ትኬት ልግዛ?» ይላል። ኒታ እኔ ልክፈል ስትለው ይቆጣል። ደግሞ ነጻ መግቢያ ካርድ አለ። የማይድን የአካል ጉዳት ላለበት ሰው በሩ ላይ ይሰጣል፤ ዕድሜ ልክ ነው፣ አብሮት መኪና ውስጥ ያለውንም ሁሉ ያስገባል። ግን ጉዳቴ ዘላቂ ነው ብሎ በእጁ መፈረም አለበት። ነገሩ እዚያ ላይ ነው የተቆለፈው። ሆሊስ ያንን ከፈረመ በረዶው ሲቀልጥ አይነሳም ማለት ነው። ካልተነሳ ደግሞ ቃጭሉ የሌላ ሰው ነው።

ስለ ካርዱ ካነሳሁ የበርልን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በርል የባሌ ወንድም ነው፤ ባሌ አእምሮውን ወሰደ፣ ለበርል ጫማው ተረፈው። እናታቸው ዓይነ ስውር ነበሩ፣ ካርዱ ነበራቸው። በርል እሳቸውን ቤት ትቶ ካርዳቸውን ብቻ ይዞ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። የበሩ ጠባቂ «የካርዱ ባለቤት የት አሉ?» ብትለው «ቤት ናቸው፣ ለእርሳቸው ፓርኩም ሆነ ቤቱ ያው ጨለማ አይደለም እንዴ?» አላት። ካርዱን ነጥቃ እሱን ከበሩ መለሰችው። አሮጊቷ በነገሩ ተናደው በምርኩዛቸው ደህና አድርገው አቀመሱት። «እኔ የምሄደው ለማየት መሰለህ? የዛፉ ሽታስ? የወንዙ ድምፅስ?» እያሉ። ከዚያ በኋላ አዲስ አወጡና በርል በየሳምንቱ ይዟቸው ይሄድ ነበር፤ ዓሣውን እሳቸው ነበሩ የሚይዙት። እናም በእኛ ሰፈር ሁሉም ያውቃል፣ የሚገባው ሰውየው ነው እንጂ ወረቀቱ አይደለም።

ሆሊስ የፈረመበት ዓመት መስከረም ላይ እኔ እነሱ ቤት ተቀምጬ ነበር። ፓይ የምንለውን በጫካ ፍሬ የተሞላ ጣፋጭ ጋግሬ ይዤ ሄጄ ነው። የእኔን ፓይ የበላ ሰው የሌላውን ሲበላ ያዝናል። ሬይና መጣች። ሬይና ማለት ከሆሊስ በኋላ በቅሎዎቹን የያዘችው ሴት ናት፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ እጇ እንደ ወንድ የሻከረ፣ ንግግሯ ቁጥብ። በሩ ላይ ኮርቻው ቅልጥሟን መታት።

«ሁሉንም ይመታል፣ ቅር አይበልሽ» አለቻት ኒታ።

«በቅሎዎቹ እንዴት ናቸው?» አለ ሆሊስ፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ይመስገነው፣ ደህና ናቸው።»

«ፔግስ?»

ሬይና ባርኔጣዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «ፔግ አርጅታለች፣ ሆሊስ። ጉልበቷ ያብጣል። በመንገዱ መዝጊያ ቀን ካወረድኳት በኋላ ዳግመኛ አትወጣም።»

ሆሊስ ፓዩን በሹካ ነካ ነካ አደረገው። እኔ የሠራሁትን ፓይ እንዲያ የሚያደርግ ሰው አሞታል ማለት ነው።

«ማታ ማታ ይበተኑብኛል» አለች ሬይና፣ ወደ መስኮቱ እያየች። «አዲሱን ቃጭል አይሰሙትም። ጠዋት ጫካ ለጫካ ስፈልጋቸው ነው የማረፍደው።»

«ይለምዱታል።»

«ሦስተኛ ዓመታቸው እኮ ነው።»

«በቅሎ ቸኩላ አትለምድም። በረዶው ሲቀልጥ እኔ እመጣለሁ፣ ያኔ ይስተካከላል።»

ቃጭሉ ከምድጃው በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ሁላችንም እሱን ላለማየት ስንል ፓዩን አየነው። ሬይና ተነስታ በሩ ላይ ስትደርስ «በመዝጊያው ቀን ብትመጣ ፔግ ደስ ይላት ነበር» አለች።

«እሷ ናት ያለችሽ?»

«ብሪጅት ናት የነገረችኝ። ፔግማ ምስጢር ትጠብቃለች።»

ሆሊስ ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ግን አልሳቀም።

እሷ ከሄደች በኋላ ኒታ ማድቤት ሳበችኝ። «ፔግን ሳያያት ከቀረ ክረምቱን ሙሉ አልችለውም፣ ቬልዳ። ልክፈል ስለው ይቆጣል፣ ካርዱን አውጣ ስለው ይቆጣል። ሐኪሞቹ ዳሌው ነው አሉ እንጂ አልታጠፍ ያለው አንገቱ ነው።»

«ለእኔ ተይው» አልኳት። ለእኔ የተተወ ነገር ተበላሽቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ጭስ ማውጫ ተበላሽቷል፣ እሱም በፊት የነካው ሰው ጥፋት ነው።

መዝጊያ ቀን የምንለው ጥቅምት ውስጥ ነው። በረዶ መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት የከተማው ሰው ድስቱን ተሸክሞ ተራራው አናት ይወጣል። እዚያ ሰፊ መስክ አለ። ባቄላው በአሳማ ሥጋ፣ የአጋዘን ቋሊማው፣ ድንቹ፣ ፓዩ ይዘረጋል። ከሰዓት በኋላ በቅሎዎቹ ከላይኛው የሠራተኞች ሰፈር የመጨረሻውን ጭነት ይዘው ይደርሳሉ። ከዚያ እነሱ ፊት፣ መኪኖቹ ኋላ ሆነው፣ በበቅሎ እርምጃ መንገዱን ሙሉ እንወርዳለን። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ መንገዱ ይዘጋል። ሆሊስ በዚያ መንገድ ከፊት ከፊት ሲሄድ ነው የኖረው።

በጠዋቱ የሟቹን ባሌን ሚኒባስ አስነሳሁና ጎረቤቱን ሁሉ ከነድስቱ ጫንኩ። ሆሊስ ቤት ደጃፍ ቆሜ ጥሩንባ ነፋሁ። በምርኩዞቹ ወጣ። ትልቁን ካፖርቱን ለብሷል፣ እስከ አንገቱ ተቆልፎ።

«ምን ፈለግሽ፣ አንቺ አሮጊት?»

«አንተን። ይሄ ሁሉ ሰው የመግቢያ አይከፍልም። አንተ ከመጣህ ሁላችንም በነጻ እንገባለን። ካልመጣህ ባቄላችንን እዚህ ደጃፍህ ላይ ቁጭ ብለን እንበላለን፣ በርል ደግሞ ጊታሩን ይዟል።»

በርል ከኋላ ጊታሩን ከፍ አድርጎ አሳየው።

«ትኬታችሁ ልሁን?»

«ዕድሜህን ሙሉ ዱቄት ስትሸከም ኖረሃል። አንድ ቀን እኛን ብትሸከም ምን ትሆናለህ?»

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «እናዝንልሃለን፣ እንርዳህ» ይለው ነበር። እኔ ግን እርዳን አልኩት። ሆሊስ እርዳኝ ያለውን ሰው እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ይሄን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ኒታ እኔም አውቃለሁ ትላለች። ታውቅ ይሆናል፣ ግን አላደረገችውም።

ለረጅም ጊዜ መንገዱን አየ። ከዚያ ምርኩዞቹን ለኒታ አቀበለና ከፊት ወንበር አጠገቤ ገባ፤ ኒታም ከኋላ ገባች። እስከ በሩ ድረስ ስለ ፍሬን አጠቃቀሜ አጫወትኩት፣ አልሰማኝም።

በሩ ላይ የነበረችው ዶሪን ናት። ዶሪን ጡረታዋ የደረሰ ሴት ናት፣ ሆሊስን ከድሮ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ሆሊስ። እንኳን መጣህ።»

«መጣሁ እንዴ? ገና በሩ ላይ ነኝ።»

«ካርዱን ይፈልጋል» አልኳት እኔ።

«አፍ አለኝ፣ ቬልዳ» አለ። ግን አፉን አልከፈተም።

ዶሪን ወረቀቱን በሰሌዳ ላይ አድርጋ በመስኮቱ በኩል ሰጠችው። «ደንብ ነው፣ ላነብልህ ይገባል» አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበች፤ ሥራ የሚከለክል፣ መንቀሳቀስ የሚከለክል፣ ዘላቂ የሆነ ጉዳት ያለብኝ መሆኑን፣ እያለች። መኪናው ውስጥ ባቄላው ብቻ ነበር የሚተነፍሰው። እኔ እንኳን ዝም አልኩ። ይሄን የሚያምነኝ ሰው የለም፣ ኒታን ጠይቋት።

«ዘላቂ የሚሉት እስከ መቼ ነው?» አለ ሆሊስ።

«እኔ እንጃ፣ ሆሊስ። ለሁልጊዜ ማለት ይመስለኛል።»

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም። ወረቀቱ አንተን ነው የሚጠይቀው፣ እኔን አይደለም።»

ከኋላችን ያለ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ዶሪን ዞር ሳትል እጇን አንስታ ቆይ አለችው። ሆሊስ ወደ ተራራው ቀና አለ። በረዶው ከጫፉ ወርዶ ዛፎቹ ድረስ ደርሷል። ከዚያ መነጽሩን ፍለጋ እጁን ካፖርቱ ውስጥ ሲከት አንድ ነገር ኳ አለ።

ሁላችንም ሰማነው። ያንን ድምፅ በዚህ ሸለቆ የማያውቀው የለም። ቃጭሉን ደረቱ ሥር ይዞት ነበር። ከቤት ሲወጣ ጀምሮ። ኒታ ከኋላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሆሊስ መነጽሩን አወጣ፣ አደረገ፣ ፈረመ። ቀስ ብሎ ነው የፈረመው፤ ስሙን ሙሉውን ጻፈ። ሰሌዳውን ለዶሪን መለሰና «ይኸው፣ ገብታችኋል» አለን። ትንሽ ከሄድን በኋላ ፊቱን ሳያዞር «ኒታ» አለ።

«አቤት።»

«ኮርቻውን ነገ ከበሩ ላይ እናነሳዋለን።»

«የትኛውን ኮርቻ?» አለች ኒታ። «እኔ እኮ ከነመኖሩም ረስቼው ነበር።» ያኔ ነው ሚኒባሱ ሙሉ የሳቀው፣ እሱም ጭምር።

ከላይ እንደደረስን ሰው ሁሉ እየመጣ ጨበጠው። ከወንበሩ አልወረደም፤ በሩን ከፍቶ እግሩን መውጫው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የእኔን ፓይ ሁለት ቁራሽ በላ፣ እንዳላመመው በዚያ አወቅኩ። ከሰዓት በኋላ በቅሎዎቹ ከዛፎቹ መሃል ብቅ አሉ። ፔግ ከፊት ናት፣ ሬይና ከጎኗ በእግሯ ትሄዳለች። ባዝራዋ ታነክሳለች። ሬይና እሱን ስታይ መንገዷን ለወጠችና ፔግን ስባ እስከ መኪናው በር ድረስ አመጣችለት።

ፔግ አፍንጫዋን ጉልበቱ ላይ አድርጋ ቆመች። ሆሊስ አዲሱን ቃጭል ከአንገቷ ፈታና ነቀነቀው። «ይሄ እኮ የሻይ ማንኪያ ነው» አለ። ከዚያ ካፖርቱን ከፈተ። ሬይና ቃጭሉን ስታይ ቀና አላለችም፣ የፔግን ልጓም ብቻ አጠበቀች።

«ጎንበስ በይ፣ አሮጊት» አለ።

እኔን የጠራኝ መስሎኝ ነበር። ለፔግ ነው። ማሰሪያውን ራሱ አሰረላት፤ ብዙ ቆየበት እንጂ የረዳው የለም፣ እኔም አልረዳሁትም፣ ኒታ ክንዴን ይዛኝ ነበር። ፔግ ራሷን ስትነቀንቅ ቃጭሉ መታ። ከኋላ የነበሩት በቅሎዎች ጆሯቸውን አንድ ላይ ቀና አደረጉ። ብሪጅት በሰልፉ መሃል እንደቆመች በበቅሎ ቋንቋ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለች አልተረጎምነውም።

ቁልቁለቱን እነሱን ተከትለን ወረድን። እኔ ከሁሉም መኪና ፊት ነበርኩ፣ ከመጨረሻዋ በቅሎ ጭራ ክንድ እንኳን አልርቅም፤ ፍሬኑን አንድ ጊዜ እንኳን አላቃጠልኩም። ሆሊስ መስኮቱ ይከፈት አለ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ በርል ከኋላ ያልጎመጉማል። ማንም ግን መስኮቱ ይዘጋ አላለም። ቃጭሉ እስከ ታች ድረስ ከፊታችን ሲመታ ወረደ።

በሩ ላይ ሬይና ፔግን አቆመች፣ ቃጭሉን ፈታችና ይዛው መጣች። እጇን በመስኮቱ ዘረጋችለት።

«ያንተ ነው።»

«ሩበን ይሄን ሲሰጠኝ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ምንም አላለኝም። አንገቴ ላይ አንጠልጥሎልኝ ሄደ። ሰክሮ ነበር።» ማሰሪያውን ከእጇ ወሰደ። «ጎንበስ በይ።»

ሬይና ባርኔጣዋን አውልቃ ጎንበስ አለች። አንገቷ ላይ አደረገላት። ቀና ስትል ቃጭሉ መታ፣ ብሪጅት ወደ ሬይና አንድ እርምጃ ተራመደች። ሬይና ፊቷን ወደ በቅሎዎቹ አዞረች፤ ለምን እንዳዞረች እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

«ፔግ የት ነው የምትከርመው?» አለ ሆሊስ።

«ፓርኩ ገና አልወሰነም።»

«የኔ መስክ አጥሩ ደህና ነው» አለ።

እንዲህ ነው የሆነው። ፔግ አሁን እሱ ጋ ናት። በበጋ ሰው ሁሉ የሆሊስን ደጃፍ ያንኳኳል፣ ሆሊስ ወደ ፓርኩ ሐይቅ እንሂድ እያለ። እሱም አይጠላውም። ግን ደንብ አለው፤ የሚወስደው ሰው ፓይ ይዞ ይመጣል፣ ሲደርሱም መኪና ውስጥ ጥሎት አይሄድም፣ ውኃው አጠገብ ያስቀምጠዋል። በርል አንድ ጊዜ ሊረሳው ሞከረ። እናቱ ሞተዋል እንጂ ምርኩዛቸው ኒታ ጋ ነው ያለው።

ባለፈው በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲከፈት፣ ሬይና በቅሎዎቹን በእነሱ ቤት በኩል አሳልፋ ወደ ላይ ወሰደቻቸው። አዲሷ ባዝራ ቃጭሉን አንገቷ ላይ አድርጋለች። እኔ ፓይ ላደርስ ሄጄ አየሁ። ሆሊስ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል፣ ፔግ አጠገቡ። ቃጭሉ ሲያልፍ ሁለቱም ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ፔግ አጥሩን እየታከከች መከተል ጀመረች፣ እሱም በምርኩዞቹ እሷን ተከተለ፣ እስከ መስኩ ጥግ ድረስ። እዚያ ቆሙ። ድምፁ ዛፎቹ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ቆሙና፣ ከዚያ ፔግ ሣሯን፣ እሱም ፓዩን ፍለጋ ተመለሱ።